«እማዬ፣ ደክሞኛል»፦ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ድካም ደረጃ በደረጃ መቀነስ

ልጄ ስድስት ዓመቷ ላይ ጉልበቷ አበጠ። መጀመሪያ ወድቃ ነው ብለን አሸንላት። ወሩ አልፎ እብጠቱ አልሄድ ሲል፣ ጠዋት ጠዋትም ግድግዳ እየያዘች ከአልጋ ስትወርድ፣ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመርን። የሕመሙ ስም ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ ነው ተባልን። ከ16 ዓመት በፊት የሚጀምር፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የሚቆይ፣ መንስኤው በውል ያልታወቀ የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። የሰውነት መከላከያው ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ያቆጣዋል።

መድኃኒቱ ሲሠራ እብጠቱ ጎደለ። ድካሙ ግን አልሄደም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች። አንዱ ጫማ ወልቆ፣ ሌላው እግሯ ላይ እንዳለ ዓይኗ ይከደናል። «የቤት ሥራሽስ?» ስላት «እማዬ፣ ደክሞኛል» ትለኛለች። እኔም ለብዙ ጊዜ «ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ውለሽ ምን አደከመሽ?» እላት ነበር። ያ ንግግሬ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ይህን የምጽፈው አሁን እንደዚያ ግራ ለገባችሁ ወላጆች ነው። እኛ ቤት የሠራውን፣ ሐኪሞቿና ፊዚዮቴራፒስቷ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) ያስተማሩኝን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልበል። ልጁን የሚጥለው ብዙ ጊዜ መጥፎው ቀን አይደለም። ደህና ሆኖ የዋለበት ቀን ነው። ደህና ሲሆን ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ይተኛል። አብዛኛው ሥራችን ይህን ማስተካከል ነው።

1. ድካሙ ከየት እንደሚመጣ አስመርምሩ

ድካም ስሙ አንድ ነው፤ ምንጩ ግን ብዙ ነው። አንዱ ራሱ ብግነቱ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ወደ ደም የሚለቃቸው ኬሚካሎች አሉ። ጉንፋን ሲጥለን አልጋ የሚያስይዘን ያ የመሰባበር ስሜት የእነሱ ሥራ ነው። ልጁ ያንን ስሜት ይዞ ትምህርት ቤት ይውላል። ሕመሙ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። በዚያ ላይ ደም ማነስ ሊኖር ይችላል፤ ረጅም ብግነት ራሱ ደም ያሳንሳል። የብረት እጥረትም ሊጨመርበት ይችላል። ለወራት ሳይሮጥ የቆየ ልጅ ጡንቻው ይላላል፣ ስለዚህ ትንሽ መንገድ ያደክመዋል። መድኃኒቱም፣ ጭንቀቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትሄዱ «ልጄ ይደክመዋል» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ብግነቱ ጠፍቷል ወይስ አሁንም አለ? ሲቢሲው (የደም ቆጠራ ምርመራው) ምን ይላል? ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው? የብረት ክምችቱ፣ ታይሮይዱ፣ ቫይታሚን ዲው መታየት ያስፈልገዋል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ብግነቱ ገና እየነደደ ከሆነ ዋናው መፍትሔ ሕክምናውን ማስተካከል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን አይተካም።

ሁሉም የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ አንድ አይደለም። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያው ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠቃበት ሕመም) ያለበት ልጅ ላይ ድካም ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ኩላሊትም አብሮ መታየት አለበት። ጁቬናይል ዴርማቶማዮሳይተስ በሚባለው ሕመም ደግሞ ጡንቻው ራሱ ይደክማል። ልጁ ደረጃ መውጣት፣ ከወለል መነሳት፣ እጁን አንሥቶ ፀጉሩን ማበጠር ያቅተዋል። ይህ ከተራ ድካም ስለሚለይ ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት።

አገራችን ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሳልለየው ማለፍ አልፈልግም። ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከተል ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ ሕመሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ የልብ በር ላይ ግን ጉዳት ትቶ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲደክመው ምክንያቱ ልቡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከታች እንደምጽፈው የልጁን ኃይል አከፋፍላለሁ ከማለታችሁ በፊት የልብ ምርመራ ይደረግለት። ሕመሙ እንዳይመለስ ሐኪሙ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚያዘው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም አንድም ቀን አይለፈው።

2. ሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ

ተራ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ አንድ ገጽ። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ሌሊት ስንቴ ተነሣ። ጠዋት መገጣጠሚያው እስኪፈታ ስንት ደቂቃ ወሰደ። ምን ሠራ። የትኛውን መድኃኒት መቼ ወሰደ። ከዚያ ድካሙን ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስና ማታ ከ0 እስከ 10 ይስጠው። 0 ማለት ምንም አልደከመኝም፣ 10 ማለት ማንኪያ ማንሣት አቃተኝ ነው። ቁጥር የማይገባው ሕፃን ከሆነ ሦስት ፊት ሣሉለት፦ የሚስቅ፣ ዝም ያለ፣ የተኛ። በጣቱ ያሳያችኋል።

ቁጥሩን የሚሰጠው ልጁ ነው። እናንተ አትገምቱለት፣ አትከራከሩትም። ስትጫወት አይቻት ማታ «8» ስትለኝ «ኧረ ተይ» ልል አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ገጾቹን ዘርግታችሁ እዩ። የኛ ደብተር ላይ ሐሙስ ሁለቱንም ሳምንት መጥፎ ነበር። ሐሙስ ምንም የተለየ ነገር የለም። ረቡዕን ስናየው ግን የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ማጠናከሪያ አለ። ሐሙስ የምትከፍለው የረቡዕን ዕዳ ኖሯል።

3. ጠዋቱን አስረዝሙት

መገጣጠሚያ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ስለሚያድር ጠዋት ይደርቃል። ልጁን በዚያ ሰዓት ማጣደፍ ማለት የቀኑን ጉልበት ገና ቁርስ ሳይበላ ማስጨረስ ነው። ትምህርት ቤት 2 ሰዓት ከሆነ፣ ቀድሞ 12 ሰዓት ከ40 ስንቀሰቅሳት የነበረውን ወደ 12 ሰዓት አመጣነው። በዚያው ልክ ማታ መኝታዋን ቀድመን።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሐኪሙ የጠዋት ማስታገሻ ካዘዘ፣ ኢቡፕሮፌን ዓይነቱ በባዶ ሆድ አይሰጥም፤ ትንሽ ዳቦና ወተት ይቅደመው። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ብርድ ልብስ ውስጥ ይቆይ። ተኝቶ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ያዙር፣ ጉልበቱን አጥፎ ይዘርጋ፣ ጣቶቹን ይጨብጥ ይፍታ። ቀጥሎ ሞቅ ያለ ውሃ። ሻወር ካለ አሥር ደቂቃ ሻወር። ከሌለ እጅና እግሩን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ይንከር፣ ወይም ፎጣ በሙቅ ውሃ ጨምቃችሁ መገጣጠሚያው ላይ ጠቅልሉለት። ሙቀቱን ቀድማችሁ በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት። እኛ ማታ ማታ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ እናሳድራለን። መብራት በሄደ ጠዋት እሱ ያወጣናል።

ዩኒፎርሙ ከማታ ጀምሮ ወንበር ላይ ይዘጋጅ። ተቀምጦ ይልበስ። ቁልፍ የሚበዛበትን በዚፕ፣ ክር የሚታሰረውን ጫማ በሚለጠፍ ቀይሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ጣቱ ላበጠ ልጅ ግን ስድስት ቁልፍ መቆለፍ እንደ ትልቅ ሥራ ነው።

4. ጉልበትን በባቄላ ቁጠሩ

ለልጄ «ኃይልሽን አከፋፍይ» ብላት ምን ይገባታል? ስለዚህ በእጅ የሚነካ ነገር አደረግነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ስኒ አለ። አንዱ ውስጥ ጠዋት 12 ደረቅ ባቄላ እናደርጋለን። አንድ ነገር በሠራች ቁጥር ዋጋውን ከመጀመሪያው ስኒ አንሥታ ሁለተኛው ውስጥ ትጥላለች። የትምህርት ቤቱን ስትመለስ ታወራርዳለች። (ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ባቄላውን በካርቶን ቁራጭ ወይም በትልቅ ቆርኪ ለውጡ፤ አፍና አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ።)

ዋጋውን ያወጣችው እሷ ናት። መታጠብና መልበስ 1። ትምህርት ቤት በእግር መሄድና መምጣት 2። የጠዋቱ ትምህርት 3። የከሰዓቱ 2። የቤት ሥራ 2። ድምሩ 10 ነው፤ ለጨዋታ 2 ይተርፋታል። ረቡዕን ስንደምረው ግን ስፖርቱ 2፣ ማጠናከሪያው 2 ተጨምሮ 14 ሆነ። ከ12 ላይ 14 አይከፈልም። ሁለቱ የሐሙስ ነበሩ። ይህን በዓይኗ ስታይ «ለዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስፖርቱን አልነካንም፤ ትወደዋለች። ማጠናከሪያውን ወደ እሁድ ከሰዓት አዛወርነው።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። መጥፎ ጠዋት ከሆነ ስኒው በ8 ይጀምራል፤ ምን እንደሚቀር አብራችሁ ምረጡ። ደህና ጠዋት ከሆነም ስኒው 12 ነው እንጂ 20 አይሆንም። ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ ለማስጠበቅ የሚከብደውም ይኸው ነው። ልጅ ደህና ሲሆን ዓለም የሱ ናት፤ «በቃ» ማለት አንጀት ይበላል። ግን ደህናውን ቀን ካልያዛችሁት መጥፎውን ቀን አታጠፉትም። ሁለት ሦስት ሳምንት ተረጋግቶ ከዋለ ደግሞ አንድ ባቄላ ጨምሩለት። ስኒው እያደገ መሄድ አለበት፤ ግቡ እሱ ነው።

ሌላው፣ ዕረፍት ከድካም በፊት ይምጣ። ልጁ ሲወድቅ ማሳረፍ ሁላችንም እናውቅበታለን። ልምድ የሚፈልገው ሳይወድቅ ማሳረፉ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ደከማትም አልደከማትም፣ 15 ደቂቃ ጋደም ትላለች። ስልክ የለም፣ ቲቪ የለም። ሙዚቃ ቢኖር ቀስ ያለ። የቤት ሥራው 20 ደቂቃ ተሠርቶ 5 ደቂቃ ይቆማል፤ በዚያ 5 ደቂቃ ተነሥታ ትንጠራራለች።

በዓል ሲመጣ ሂሳቡ ይከብዳል። ለጥምቀት ታቦት ልታጅብ ፈለገች። የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ መውረድ አለ፣ ሌሊት አለ፣ በማግሥቱ መመለስ አለ። ሁሉንም አትችልም። አቀረብኩላትና እሷ መረጠች፦ ከተራን ቤት ሆና፣ የጥምቀትን መመለሻ ልትሄድ። ጥር 10 በጊዜ ተኛች። ጥር 11 ከአጎቷ ጋር አስፋልቱ ዳር ወንበር ይዛ ጠበቀች። ታቦቱ ሲደርስ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ እየዘፈነች ሄደች። በማግሥቱ ምንም ፕሮግራም አልያዝንላትም። ቀሪው ሳምንት ሳይበላሽ አለፈ። ልጁን ከበዓሉ ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። የበዓሉን ፊትና ኋላ ባዶ አድርጉለት።

የቤት ውስጥ ሥራ ድርሻም አይቅርበት። ጀሪካን መሸከምና ልብስ መጭመቅ ለሌላ ይሰጥ። እሱ ተቀምጦ ምስር ይልቀም፣ ሽንኩርት ይላጥ፣ ስኒ ያድርቅ። ምንም ሥራ የማይሰጠው ልጅ ራሱን እንደ በሽተኛ ማየት ይጀምራል።

5. አታስተኙት፣ አንቀሳቅሱት

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። እኛም ተሳስተናል። «ስለደከማት ትረፍ» ብለን አንድ ክረምት ሙሉ አስተኛናት። መስከረም ላይ ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው መድረስ አቃታት። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ይከሳል፤ የከሳ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይተኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ለእናንተ ልጅ ያ መድረሻው እንጂ መነሻው አይደለም። መነሻው በመጥፎ ቀኑም የማያቅተው መጠን ነው። አሥር ደቂቃ የሜዳ መንገድ ከቻለ አሥር ደቂቃ። በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። በማግሥቱ ከወትሮው በላይ ካመመው ወይም ከዛለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱና እንደገና ውጡ፤ ጭራሽ አታቁሙ።

ዋና ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። ብስክሌትም ለጉልበት አይከብድም። ሁለቱም ከሌሉ እስክስታ አለ። የልጄ ፊዚዮቴራፒስት «ትከሻዋ ካላበጠ ለምን አትጨፍርም?» ስትለኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ማታ ማታ ሁለት ዘፈን ተከፍቶ ቤተሰቡ ሁሉ ይነሣል።

መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ባለበት ሳምንት ዝላይና ሩጫ ይቆይ። ቀስ ብሎ ማጠፍና መዘርጋት ግን ያኔም አይቋረጥ። የትኛው እንቅስቃሴ ለየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚሆን ፊዚዮቴራፒስት አንድ ቀን ያሳያችሁ፤ በስልክ ቅረጹት።

6. ሌሊቱን ጠብቁ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10። ቁጠሩት። 12 ሰዓት የሚነሣ የስምንት ዓመት ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ከሆነ 10 ሰዓት ይተኛል። ድራማው እስኪያልቅ 4 ሰዓት ካመሸ ግን 8 ብቻ ነው የሚያገኘው። ጤነኛውም አይበቃው።

ቅዳሜና እሁድም ሰዓቱ ብዙ አይዘበራረቅ። ስልክ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይቀመጥ። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊትም ይለቅ። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ለልጅም ትንሽ የመቅዳት ልማድ አለን፤ ለዚህ ልጅ ይቅር። ጥቁር ሻይም ማታ አይሰጠው።

አልጋውን እዩት። ከወንድም እህት ጋር ከሆነ የሚተኛው ዳር ላይ ይሁን፤ እግር እንዳይጫነው። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ደስ ይለዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አታሳድሩት፤ ጉልበት ታጥፎ እያደረ መዘርጋት እምቢ ይላል። ሕመም በየሌሊቱ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ችግሩ የእንቅልፍ አይደለም፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

7. የመድኃኒቱን ሰዓት ተመካከሩበት

ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ) ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚታዘዘው አንድም ለዚህ ነው። ልጃችሁ ማታ የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በራሳችሁ ውሳኔ ግን በድንገት እንዳታቋርጡት፤ አደገኛ ነው።

ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ በስሕተት መውሰድ ሕይወት ያጠፋል፤ ስለዚህ ቀኑን ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ፤ ቤት ውስጥ የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ከወሰዱት በኋላ አንድ ቀን የሚያቅለሸልሻቸውና የሚዝሉ ልጆች አሉ። ልጄ እሁድ ማታ ትወስድ ስለነበር ሰኞ ሁሌ ትቀር ነበር። ሐኪሟን አማክረን ወደ ዓርብ ማታ አዛወርነው፤ አሁን የምትዝለው ቅዳሜ ነው። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ አትዝለሉ፤ ማቅለሽለሹን ያቀላል።

ጠበል የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱ አይጣሉም። ጠበል ቦታ መድኃኒት አቋርጠው ተመልሶ የባሰባቸውን ልጆች አይቻለሁ።

8. ምግቡ

ተአምር የሚሠራ ምግብ የለም። ደም ማነስን ግን መዋጋት ይቻላል። የኛ ቤት ትልቁ ጠላት ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ነው። ሻይና ቡና ምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቋቸው። በአንጻሩ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ብረቱ እንዲገባ ይረዳሉ። ስለዚህ ምስር ወጡ አጠገብ የቲማቲም ሰላጣ፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ። ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል ስትችሉ። የብረት ክኒን ግን በምርመራ ሳይታይ አትስጡ።

ጠዋት ሳይበላ የሄደ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ይወድቃል። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ ቦርሳው ውስጥ ቆሎና ሙዝ አይጥፋ። መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሰጥም። በጾም ወራት ለንስሐ አባታችሁ የልጁን ሕመም ንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ሙስሊም ቤተሰብም ቢሆን ልጅና ሕመምተኛ የመጾም ግዴታ የለባቸውም።

9. ትምህርት ቤቱን አናግሩ

አንድ ጊዜ የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታኝ «ልጅሽ ታስመስላለች» አለችኝ። «በዕረፍት ስትሮጥ አያታለሁ፣ ክፍል ገብታ ጻፊ ስላት አመመኝ ትላለች።» ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ገባኝ። ይህን ሕመም ማንም አላስረዳትም። 3 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ልጅ 6 ሰዓት ላይ እርሳስ መያዝ ሊያቅተው እንደሚችል ከየት ታውቃለች?

በማግሥቱ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። እንዲህ አልኳት፦ «ቲቸር፣ ሕመሟ ይመጣል ይሄዳል። ስትሮጥ ያዩዋት ያኔ ደህና ሆና ነው፤ ሲያማትም እውነቷን ነው።» ከዚያ የምፈልገውን አንድ በአንድ ነገርኳት። እናንተም ስትሄዱ «እባካችሁ አስቡላት» አትበሉ፤ ምን እንደሚደረግ ንገሯቸው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ይፈቀድለት፤ ደብተር አድል፣ ሰሌዳ አጥፋ ቢሉት ይበቃል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ረጅም ሰልፍ ካለ ይቀመጥ። ክፍሉ ምድር ቤት ቢሆን። ከባድ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ይደሩ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ይከፋፈሉ። ረጅም ኖት ሲሆን ከሰሌዳ ከመገልበጥ ፎቶ ኮፒ ይሰጠው። ፈተና ላይ ተጨማሪ ደቂቃ። እርሳሱ ላይ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት፤ ቀጭን እርሳስ መጨበጥ ጣት ያደክማል። ስፖርት ላይ አስተማሪው አያስቀረው፣ አያስገድደውም። ሲበቃው ራሱ ይውጣ።

ያቺ መምህርት ዛሬ የልጄ ትልቋ ደጋፊ ናት።

10. የቤት ሰው አፍ

«በዚህ ዕድሜ ምን ቁርጥማት አለ?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ልጁ ፊት ከሆነ ወዲያው መልሱለት፤ ዝም ካላችሁ ልጁ እናንተም እንደዚያ የምታስቡ ይመስለዋል። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ከቤት ይውጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ቀኑን ሙሉ «አመመሽ? ደከመሽ?» እያሉ መጠየቅም ያደክማል። ለዚያ ደብተሩ በቀን ሦስት ጊዜ አለው፤ ሌላ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አውሯት።

ልጁ ጓደኞቹን ከሸሸ፣ የሚወደው ነገር ካስጠላው፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰ፣ ድካሙ ውስጥ ድብርት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ይህም ይታከማል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት የምትሄዱባቸው

ሲተነፍስ ካጠረው ወይም ጠፍጣፋ ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው። ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ካለ ልክ ከመታ፣ እግሩ ወይም ፊቱ ካበጠ። ሽንቱ ከቀላ ወይም ኮካ ከመሰለ። ትኩሳቱ ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ፣ በተለይ መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ አላስነካ ካለ። መቆም ወይም መዋጥ ካቃተው። ፊቱ ከገረጣና ሰውነቱ ላይ ያለ ምክንያት ከበለዘ። መኖር አልፈልግም ካለ።

አንድ ነገር ከድካሙ ጋር ባይያያዝም ልጨምር። አርትራይተስ ያለበት ልጅ ዓይኑ ውስጥ ሳይቀላና ሳያመው ብግነት ሊፈጠር ይችላል። ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ሁሉ ዓይን ምርመራ ውሰዱት።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። ከጠዋቱና ከመኝታው ጀምሩ፣ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ባቄላውን ጨምሩ፣ ከዚያ እንቅስቃሴውን። ከ6 ሳምንት በኋላ ደብተሩን እንደገና ሁለት ሳምንት ያዙትና ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡት። የልጄ የሐሙስ ከሰዓት ቁጥር ከ8 ወደ 5 ወርዷል። አሁንም 5 ነው፤ 0 አይደለም። ሁለቱንም ደብተር ለቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ስለ መገጣጠሚያው ብቻ ጠይቆ ሊሸኛችሁ ሲል፣ ገጹን ግለጡና ጠረጴዛው ላይ አኑሩት።